በሳስካችዋን ሜዳ፦ የገበሬ ሚስትን ዕድሜ የተከተለ የጉዞ ማስታወሻ

የመጀመሪያው ቀን፦ ከሬጃይና ወደ ኢንዲያን ሄድና አበርነቲ

በካናዳ ከተሞች በካልጋሪና በዊኒፔግ መካከል በመኪና የሚመላለሱ ያገራችን ሰዎች 1 ቁጥር አውራ ጎዳናን በደንብ ያውቁታል። ብዙው መንገደኛ ግን በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሬጃይና ነዳጅ ሞልቶ ሜዳውን በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። ይህ ጉዞ የተሰናዳው ቆም እያሉ ለማየት ነው። መነሻ ጥያቄውም አንድ ነው፦ በዚህ የስንዴ ሜዳ ላይ ከሙሽርነት እስከ እርጅና የኖረች የገበሬ ሚስት ምን ምን ሠራች? ሥራዋስ የት ተመዘገበ? ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሬጃይና ወደ ምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ኢንዲያን ሄድ ይደረሳል። አካባቢው በ1874 በፎርት ካፔል በተፈረመው በአራተኛው ውል (መንግሥት ከነባር ሕዝቦች ጋር ባደረገው ስምምነት) ሥር ያለ የክሪ፣ የሶልቶና የናኮዳ ሕዝቦች ምድር ነው። መንግሥት መሬቱን ለሰፋሪዎች ያከፋፈለው በ1872 ባወጣው ሕግ ነበር። 10 ዶላር የከፈለ ወንድ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ ይመራል፤ ሦስት ዓመት ከኖረበት፣ ቤት ከሠራበትና የተወሰነውን ካረሰው መሬቱ የራሱ ይሆናል። ሴት ግን ልጆች የምታሳድግ መበለት ወይም በሌላ ምክንያት የቤተሰብ ኃላፊ ካልሆነች በቀር መመራት አትችልም ነበር። ባለትዳሯ ሴት ከባሏ እኩል ድንጋይ ስትለቅም ብትውልም መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የእሱ ስም ብቻ ነው። በጉዞው መጨረሻ የምንደርስበት የፍርድ ቤት ክርክር ሥሩ እዚህ ነው።

በኢንዲያን ሄድ ከ1901 ጀምሮ ለገበሬዎች በነጻ የሚታደል ችግኝ የሚያፈላ የፌዴራል ጣቢያ ነበር። ካራጋና፣ የማኒቶባ ሜፕልና ግሪን አሽ በብዛት ወጥተውበታል። ዛፍ በሌለበት አገር ንፋስ መከለያ ከሌለ የጓሮ አትክልት አይታሰብም። ካራጋና በአንድ መስመር በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። መስመሩ ከቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከዚህ ከቀረበ ንፋሱ ይዞት የሚመጣው በረዶ ከዛፉ ጀርባ ስለሚወርድ ግቢውንና በሩን ይደፍነዋል። ችግኙን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሞት የሚያድነው አረምን መንቀልና በባልዲ ማጠጣት ነው፤ ይህም በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ሥራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በአበርነቲ አጠገብ የሚገኘው የማዘርዌል መኖሪያ ተጎበኘ። ደብልዩ. አር. ማዘርዌል መሬቱን የያዙት በ1882 ሲሆን የድንጋይ ቤቱ የተሠራው በ1897 ነው። በ1901 ኢንዲያን ሄድ ላይ የእህል አምራቾችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ ኋላም የሳስካችዋን የመጀመሪያው የእርሻ ሚኒስትር ሆነዋል። ግቢው በዛፍ መስመሮች በአራት ተከፍሏል፦ መኖሪያ ቤት፣ አትክልት፣ በረዶ ሲቀልጥ ውኃ የሚጠራቀምበት ኩሬ፣ ጎተራና በረት። የቤቱን ፊት ለፊት ብቻ አይቶ መመለስ አይገባም። የእርሻው ሞተር ያለው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው።

በመውቂያ ማሽን ዘመን ሃያ ያህል ወንዶች ያሉት ቡድን ከእርሻ እርሻ እየዞረ ይወቃ ነበር። ባለእርሻው ይመግባቸዋል፤ ያም ማለት ሚስቱ ትመግባቸዋለች። ቁርስ፣ የረፋድ መክሰስ፣ ምሳ፣ የከሰዓት መክሰስ፣ እራት፤ በቀን አምስት ጊዜ ነው። ዝናብ ከጣለ ሥራው ይቆማል፣ ሰዎቹ ግን አይሄዱም፤ ስለዚህ ሁለት ቀን የተባለው ምግብ አንድ ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። የቡድኑ አባላት ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ስለ ምግቡ ስለሚያወሩ የቤቱ ስም የሚነሳውም የሚወድቀውም በወጥ ቤቱ ነበር።

ሁለተኛው ቀን፦ ዮርክተንና ቬሬጊን

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ የቤተ ክርስቲያኖቹ ጣሪያ ወደ ሽንኩርት ቅርጽ ይለወጣል። ይህ ዩክሬናውያንና ዱኾቦሮች የሰፈሩበት አገር ነው። ዱኾቦሮች (ጦርነትን የሚቃወሙ የሃይማኖት ማኅበረሰብ) በ1899 ከሩሲያ ግዛት ከሰባት ሺህ በላይ ሆነው መጡ። ወንዶቹ ገንዘብ ለማግኘት ወደ ባቡር ሐዲድ ሥራ ሲሄዱ፣ ጥማድ ከብት ባልነበረበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ሴቶቹ ሃያ ገደማ ሆነው ማረሻውን ራሳቸው ጎትተዋል።

በቬሬጊን ቅርስ መንደር የሚታየውን የዳቦ ምድጃ ላስተዋለ፣ የጎረቤቶቻቸው የዩክሬናውያን የጓሮ ምድጃም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ከቀጫጭን እንጨት የጎበጠ መዋቅር ይሠራል፣ በጭቃና በጭድ ይለሰናል፣ ከደረቀ በኋላ ውስጡ እሳት ሲነድ እንጨቱ ይቃጠልና የጭቃው ቅርፊት ይቀራል። ለመጋገር እሳቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል፣ ፍሙ ተጠርጎ ይወጣል፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሙቀቱ የሚለካው ጭብጥ ዱቄት ወለሉ ላይ በመበተን ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ዳቦው ይገባል። ሽልጦና ዳቦ በምጣድ ላይ የሚያበስል አንባቢ ይህን መለኪያ ለመረዳት አይቸገርም።

የነሐሴ መጨረሻ አትክልት በጠርሙስ የሚታሸግበት ጊዜ ነው። በየገበያው የሚደረደሩት የፎሶሊያ፣ የቀይ ሥርና የቲማቲም ጠርሙሶች ቀላል ሥራ ይመስላሉ፤ አይደሉም። አሲድ የሌለው አትክልት፣ ለምሳሌ ፎሶሊያ፣ በፈላ ውኃ ብቻ ከታሸገ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር አይሞትም። ዘሩን ለመግደል 116 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ያስፈልጋል፤ ያለ ግፊት የሚፈላ ውኃ ደግሞ ከ100 አያልፍም፣ በዚህ ከፍታማ ሜዳ ላይ እንዲያውም ወደ 98 ዝቅ ይላል። ስለዚህ በግፊት ድስት ይታሸጋል። ጠርሙሱ አናት ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዋል፣ ክዳኑ ተገጥሞ የእንፋሎት ቀዳዳው ሳይዘጋ እንፋሎቱ ለ10 ደቂቃ ይለቀቃል፣ ከዚያ ግማሽ ሊትሩ ለ20፣ አንድ ሊትሩ ለ25 ደቂቃ ይቆያል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ የክብደት መቆጣጠሪያ ያለው ድስት በ15 ፓውንድ ግፊት ይሠራል፤ ሬጃይና 577 ሜትር ላይ ስለሆነች ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ፣ በ10 ፓውንድ የሚሠሩ መመሪያዎች እዚህ አያገለግሉም። እንፋሎቱን ቀድሞ አለመልቀቅ የተለመደው ስህተት ነው፤ ውስጥ የቀረ አየር መለኪያው ትክክል እያለ ሙቀቱን ዝቅ ያደርገዋል። ቲማቲም በፈላ ውኃ ሊታሸግ ይችላል፣ ግን በሊትር 30 ሚሊ ሊትር የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ክዳኑ ወደ ውስጥ ያልሰረጎደ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ይገባና ቶሎ ይበላል።

ሦስተኛው ቀን፦ በ16 ቁጥር መንገድ ወደ ሳስካቱን

ከዮርክተን ወደ ምዕራብ ቀኑን ሙሉ አጨዳ ነው። ኮምባይነሮቹ ጠዋት ቆመው ይታያሉ። ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ ስንዴ እርጥበቱ ከ14.5 በመቶ፣ ካኖላ የተባለው የቅባት እህል ከ10 በመቶ ሲበልጥ ደረቅ አይባልም፣ እርጥቡ ጎተራ ከገባ ይግላል፣ ይሻግታል። ናሙናውን ወደ እርጥበት መለኪያው እየወሰደች የምትመላለሰው፣ የእህል መኪና የምትነዳው፣ ማሽን ሲሰበር ለመለዋወጫ ከተማ የምትሮጠው ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። ልምድ ያላት ሴት የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ይዛ ትሄዳለች፤ “ትልቁ ኩሽኔታ” ተብሎ በስልክ የታዘዘ ዕቃ ልክ ሳይሆን ቀርቶ ከሰዓት በኋላው በሙሉ የሚባክንበት ጊዜ ብዙ ነው። የኮምባይነሩን የተከታታይ ቁጥርም በስልኳ ፎቶ አንስታ ትይዛለች።

ምሳና እራት ሜዳው ላይ ይደርሳል። እርሻው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ስለሌለው አድራሻው የቅየሳው ቁጥር ነው። መሬቱ ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆኑ ካሬዎች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ካሬ 36 ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር፣ ሩቡ 160 ኤከር ነው። “ሰሜን ምዕራብ 14-20-11 ምዕራብ 2” ሲባል የክፍል 14 ሰሜን ምዕራብ ሩብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 20ኛው ካሬ፣ ከሁለተኛው የኬንትሮስ መስመር ወደ ምዕራብ 11ኛው ማለት ነው። አምቡላንስም የሚጠራው በዚህ ስለሆነ ቁጥሩ በየወጥ ቤቱ ስልክ አጠገብ ተጽፎ ይቀመጣል።

ምግቡ በአንድ እጅ የሚበላ ወይም በጥልቅ ሳህን የሚቀርብ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሹፌሮቹ ሁሉ አንድ ላይ አይቆሙም፤ አንዱ ሲበላ ሌላው ማሽኑን ይረከባል። ትኩሱ ድስት በፎጣ ተጠቅልሎ ፕላስቲክ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑ ቅዝቃዜን እንደሚይዝ ሙቀትንም ይይዛል። ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ሁለት ሰዓት ያለፈው ሥጋ ይጣላል። ከሁሉ በላይ ግን መኪናው የሚቆምበት ቦታ ነው! የጋለ የጭስ ማውጫ ደረቅ ገለባ ላይ ከቆመ እሳት ይነሳል። መኪናው በተረገጠ መንገድ ላይ ይቆማል፣ እሳት ማጥፊያና ውኃም አብረው ይጫናሉ።

በአንዳንድ ማሳዎች ዳር የካናዳ ፉድግሬንስ ባንክ ምልክት ይታያል። ይህ በ1983 የተመሠረተና ዋና መሥሪያ ቤቱ ዊኒፔግ የሆነ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶች ኅብረት ነው። የአንድ አካባቢ ገበሬዎች አንድ ማሳ በጋራ ይዘራሉ፣ በአንድ ቀን ብዙ ኮምባይነር ይዘው ያጭዳሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ምግቡን ያዘጋጃሉ፤ በአጭሩ ደቦ ነው። በ1977 ድርቅ ወደ ኢትዮጵያ ከሄደው እህል ውስጥ (ይህ ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) ገበሬዎች በዚህ ድርጅት በኩል የሰጡት ስንዴ ይገኝበታል። ዛሬ እህሉ እዚያው ይሸጥና ገንዘቡ ነው የሚላከው፤ ካናዳ ከ2008 ጀምሮ የምግብ እርዳታ የግድ ከካናዳ ይገዛ የሚለውን ደንብ ስላነሳች እህል ለተቸገረው አገር ቅርብ ከሆነ ቦታ መግዛት ይቻላል። በመርከብ ወራት ከማስጠበቅ ይህ እጅግ የተሻለ ነው።

አራተኛው ቀን፦ ከሳስካቱን በ7 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ

ሳስካቱን ላይ በምዕራብ ልማት ሙዚየም ጣሪያ ሥር የተሠራው የ1910 ከተማ ጥሩ መግቢያ ነው። ጉዳዩ ግን ያለው ከከተማው ውጭ፣ ሃሪስ በምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። ቫዮሌት ማክኖተን በ1879 እንግሊዝ ውስጥ ተወልደው በ1909 እዚህ መጡ፣ አግብተውም በሣር አፈር ቤት ኖሩ። ሕክምና ከሩቅ ከተማ ብቻ የሚገኝበትን ኑሮ በራሳቸው ሕመም አወቁት፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ልጅ መውለድ አልቻሉም። በ1914 የእህል አምራቾች ማኅበር የሴቶች ክፍል የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጥያቄያቸው ሦስት ነገር ነበር፦ ሐኪም፣ ነርስ፣ ሆስፒታል፤ የሩቅ ገበሬ ሊደርስበት በሚችል ቦታና ዋጋ። በ1916 የወጣው ሕግ ጎረቤት የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች ተባብረው ሆስፒታል እንዲሠሩ ፈቀደ። በዚያው ዓመት መጋቢት 14 ሴቶች በሳስካችዋን የመምረጥ መብት አገኙ። ቫዮሌት ከ1925 እስከ 1950 “ዌስተርን ፕሮዲዩሰር” በተባለው የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ የሴቶችን ገጽ አዘጋጁ። በየእርሻው ተለያይተው የሚኖሩ ሴቶች ደብዳቤ የሚጻጻፉበት መድረክ እሱ ነበር።

መንገዱ ሮዝታውንን አልፎ ኪንደርስሊ ይደርሳል። በአካባቢው ከ1909 እስከ 1911 የተሠራው የአዲሰን የሣር አፈር ቤት አሁንም አለ። የመኖሪያ ግቢ ስለሆነ ሳይፈቀድ አይገባም። የዚህ ዓይነት ቤት አሠራር እንዲህ ነው፦ ማረሻ ሥር የበዛበትን አፈር ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት አድርጎ ይገለብጠዋል፤ በአካፋ እየተቆረጠ ሣሩ ወደ ታች ዞሮ እንደ ጡብ ይደረደራል። ግድግዳው ክረምትን ይከላከላል። የሚያስቸግረው ጣሪያው ነው፤ የአፈር ጣሪያ ውጭ ዝናቡ ካባራ በኋላም ውስጥ ማንጠባጠቡን አያቆምም። ሴቶች ጣሪያው ሥር ጨርቅ ወጥረው ምግብ ያበስሉ የነበረው ለዚህ ነው። የአዲሰን ቤት እስከ ዛሬ የቆየውም ግድግዳው ወደ ላይ እየጠበበ ስለተሠራና ትክክለኛ የእንጨት ጣሪያ ስላለው ነው።

አምስተኛው ቀን፦ በ4 ቁጥር መንገድ ወደ ስዊፍት ከረንት

ወደ ደቡብ ሲወረድ አገሩ ይደርቃል። በ1930ዎቹ ድርቅና አቧራ ክፉኛ የመቱት ይህን አካባቢ ነው። የስንዴ ዋጋ በ1932 በቡሼል ከ40 ሳንቲም በታች ወረደ፤ አንድ ቡሼል 27 ኪሎ ነው። የመኪና ሞተር ተነቅሎ መኪናው በፈረስ ተጎተተ። የቤት እመቤቶች መስኮት ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቅሉ፣ ሳህን እስኪበላበት ድረስ ገልብጠው ያስቀምጡ ነበር። ከምሥራቅ ካናዳ በባቡር የእርዳታ ፖምና በጨው የደረቀ ዓሣ መጣ። ዓሣው ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ ውኃው ደጋግሞ ካልተለወጠ አይበላም፤ ይህን ማንም ያልነገራቸው ብዙ ቤቶች ጣሉት። የቤቱን ቡና፣ ስኳርና ጫማ የገዛው ሴቶቹ ለከተማ የሚሸጡት ክሬምና እንቁላል ነበር።

ከዚህ ችግር የወጣው ነገር ትልቅ ነው። በ1946 ስዊፍት ከረንትና አካባቢዋ አስቀድሞ በሚከፈል ግብር ለነዋሪው ሁሉ የሐኪምና የሆስፒታል አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። መላው ሳስካችዋን በ1962፣ ቀጥሎም ካናዳ የተከተሉት መንገድ ይህ ነው። ካናዳ ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዛሬ የጤና ካርዱን ሲያወጣ የሚጠቀምበት ሥርዓት እዚህ ነው የተሞከረው።

በየትንሹ ከተማ አንድ አዳራሽ፣ አንድ የከርሊንግ (በበረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ) ሜዳ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣሪያቸውን የሚያሳድሰው ገንዘብ በብዛት የሚገኘው በጥቅምት አካባቢ ከሚደረገው የተርኪ እራት ነው። ኮሚቴዎቹ የሚሰበሰቡት በዚህ ወቅት ነው፤ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ለማንኛውም የዕድርና የቤተ ክርስቲያን ዝግጅት ይጠቅማል።

ለ300 ሰው የሚሆነው ይህ ነው፦ 9 ኪሎ የሚመዝን አንድ ተርኪ ሃያ ሰው ያህል ስለሚያበላ 15፣ ለመጠባበቂያ አንድ ተጨምሮ 16 ይገዛል። ድንች በነፍስ ወከፍ 225 ግራም፣ በጠቅላላው 68 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ባለ 50 ፓውንድ ከረጢት። ፓይ ለስድስት ከተቆረጠ 50። የአዳራሹ ምድጃ 16 ተርኪ ስለማይችል እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ይጠብሳል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በማቅለጥ ላይ ነው። በረዶ የሆነ ተርኪ ማቀዝቀዣ ውስጥ በኪሎ 10 ሰዓት ይፈልጋል፤ 9 ኪሎው 90 ሰዓት ማለት ነው። እሑድ ማለዳ ምድጃ የሚገባው ረቡዕ ጠዋት መውጣት አለበት። ሐሙስ ማታ የወጣው ሆዱ ውስጥ በረዶ ይዞ ይገኛል፣ ቆዳው ሲያር አጥንቱ ጥሬ ይሆናል። በቴርሞሜትር 82 ዲግሪ ሳይደርስ አይወጣም። አስቀድሞ የተቆረጠ ሥጋ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በዝርግ መጥበሻ ይቀዘቅዛል፤ በጥልቅ ድስት ከተከመረ መሐሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፣ በሽታውም ከዚያ ይመጣል።

ሌላው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። የተለመደው የአዳራሽ ሶኬት 120 ቮልት በ15 አምፔር፣ ማለትም 1800 ዋት ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ መጥበሻ 1450፣ ትልቅ የቡና ማፍያ 1500 ዋት ይበላሉ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከተሰኩ መስመሩ ይቋረጣል፤ ማንም ሳያስተውል ቡናውም ግሬቪውም ይቀዘቅዛሉ። ጠንቃቃ ኮሚቴ የትኛው ሶኬት ከየትኛው መስመር እንደሆነ ግድግዳው ላይ በቀለም ይጽፋል። ይህን ሁሉ የምታውቀው ሴት ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ይችላል። ስለዚህ ደብተሯ፣ ማን ምን አመጣ፣ ስንት ተረፈ የሚለው ዝርዝር፣ ከእሷ ጋር እንዳይጠፋ ኮፒ መደረግ ይኖርበታል።

የመጨረሻው ቀን፦ በሙስ ጆ በኩል ወደ ሬጃይና

ሙስ ጆ የሮቢን ሁድ ዱቄት ከተማ ነበረች። የዱቄቱ ከረጢት ጨርቅ ተፈትቶ፣ ማተሚያው ታጥቦ፣ ሽርጥና የልጆች ልብስ ሆኖ ይሰፋ ነበር።

ሬጃይና ስንመለስ ወደ መሬቱ መዝገብ ተመለስን። ሳስካችዋን በ1915 ባወጣችው ሕግ ባል መኖሪያውን መሬት ያለ ሚስቱ ፊርማ መሸጥ አይችልም። ይህ ጎዳና ላይ መውደቅን ይከላከላል እንጂ ባለቤት አያደርጋትም። በ1973 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአልበርታዋን አይሪን መርዶክን ጉዳይ አየ። ባላቸው በዓመት አምስት ወር ሌላ ሥራ ላይ ሲሆን ሣር ያጭዱ፣ ትራክተር ይነዱ፣ ከብት ይከትቡና ይተኩሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤቱ ይህ ማንኛዋም የከብት ገበሬ ሚስት የምትሠራው ነው የሚለውን የሥር ዳኛ ሐሳብ አጽንቶ የመሬቱን ድርሻ ነፈጋቸው። ዳኛ ቦራ ላስኪን ብቻ ተቃወሙ። ፍርዱ ያስቆጣቸው የገጠር ሴቶች አልተቀመጡም፤ በ1978 የሳስካችዋኗ ሄለን ራትዌል ግማሹን አገኙ፣ በ1980 የጋብቻ ንብረት በእኩል ይከፈል የሚለው የክፍለ ሀገሩ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ።

የአንዲትን ሴት ዕድሜ በወረቀት ለመከተል የሚፈልግ ሰው የሳስካችዋን ቤተ መዛግብት ሬጃይና ውስጥ ይጠብቀዋል። የሚጀመረው በስም ሳይሆን በመሬቱ ቁጥር ነው። የመሬት ምሪት ፋይሉ ስንት ኤከር እንደታረሰ፣ ስንት ላም እንዳለ፣ ቤቱ ስንት ዶላር እንደሚያወጣ ይናገራል፤ እሷ ግን “ሚስትና ሦስት ልጆች” በሚል ትገኛለች። ቀጥሎ በአካባቢው የነበረው የትምህርት ቤት ቀበሌ ይፈለጋል፤ ክፍለ ሀገሩ 50ኛና 75ኛ ዓመቱን ባከበረባቸው በ1955ና በ1980 አካባቢ በበጎ ፈቃደኞች፣ በአብዛኛውም በሴቶች፣ የተጻፉት የአካባቢ ታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የተዋቀሩት በእነዚህ ቀበሌዎች ነውና። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሴቶች የሚጻፉት በባላቸው ስም ስለሆነ የራሷ ስም የሚወጣው ከጋብቻ መዝገብ፣ ከመቃብር ድንጋይና ከሴቶች ማኅበራት ቃለ ጉባኤ ነው። ከ1911 ጀምሮ በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተቋቋሙት የቤት እመቤቶች ክበቦች ቃለ ጉባኤ ማን ሊቀ መንበር እንደነበረች፣ ለሆስፒታሉ ስንት ብርድ ልብስ እንደተሰፋ፣ ስንት ዶላር እንደተሰበሰበ በዝርዝር ይዟል።

የእናትና የአያት ፎቶ በእጁ ያለ ቤተሰብ በስተጀርባው በለስላሳ እርሳስ የራሷን ስም፣ የአባቷን ቤት ስም፣ የመሬቱን ቁጥርና ዓመቱን ይጻፍ። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጎዳል፣ በጊዜ ብዛትም ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። ሙጫ ባለው አልበም የተለጠፈውን ቶሎ ማውጣት ይሻላል፤ የማይላቀቀውን ግን በግድ ከመቅደድ ከነገጹ ፎቶ ማንሳት ነው። የክበብ ቃለ ጉባኤ፣ የሒሳብ ደብተርና በእጅ የተጻፈ የእራት ዝግጅት ዝርዝር ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት ቤተ መዛግብቱን ወይም ቅርቡ ያለውን ሙዚየም ይጠይቅ።